ሽታ የሌለው መድኃኒት

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትቆጣ ካልሆነ አትጠራበትም። ለሌላው ሰው ሁሉ አቶ ሽቱ ነው። ስሙን ያወጡለት የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ናቸው። ከሥራ ሲመለስ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል፤ ሰው ቆሞ እየተንገላታ እንኳ አይቀመጥበትም። አንድ ቀን አንዱ ቀልደኛ መስኮቱን እየከፈተ፣ «ጌታው፣ ምን ዓይነት ሽቱ ነው የሚቀቡት?» ብሎ ጠየቀው። «ትል የማይቀርበው» ብሎ መለሰለት። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ ስሙ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ቆዳ ተለጠፈበት።

ሥራው የሰብል መድኃኒት መርጨት ነው። መድኃኒት የሚለው ቃል መቼም ጉደኛ ነው፤ የሚያድነውም መድኃኒት፣ የሚገድለውም መድኃኒት ይባላል። የአቶ ሽቱ መድኃኒት ከሁለተኛው ወገን ነበር። የራሱ መሬት ስለሌለው በከተማው ዳር ባሉት የአትክልት ማሳዎች እየዞረ፣ መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ በግራ እጁ እጀታውን እየገፋ በቀኙ ሲረጭ ኖረ። ሥራውን በጉርምስና ጀምሮት ጸጉሩ ሸበተበት። ልጆቹን ያሳደገው፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰው በዚሁ መርጫ ነው። ሚስቱ ድሮ ድሮ፣ «ልጆችህን ያዘልክበት ቀን ቢቆጠር ይሄን ዕቃ ያዘልክበትን አያክልም» እያለች ትቀልድበት ነበር። አሁን አትቀልድም።

ዕድሜ ልኩን መርዝ የረጨ ሰው መርዙም እሱን ሳይረጨው አይቀርም። መጀመሪያ እጁ መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይይዛል። ቀጥሎ ራሱን ይፈልጠው፣ ወደ አመሻሽ ላይም ዓይኑን ጭጋግ ይሸፍነው ጀመር። ከሁሉ የባሰው ግን ድካሙ ነው። ቢተኛ የማይለቀው፣ ቢበላ የማይለቀው፣ ጠዋት ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ «አሁን ይሄን ማን ያስረዋል?» የሚያሰኝ ድካም ነው። በመጨረሻ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ደሙን አስመረመረና መነጽሩን አውልቆ፣ «ከእንግዲህ መርዝ አትንካ። ብትነካ የሚቀጥለው ጊዜ ወደዚህ የምትመጣው በእግርህ አይደለም» አለው።

ሐኪሙ ያላያት ሚስቱን ነው። ከመርጨት የመጣውን ልብስ ሁሉ በእጇ ስታጥብ የኖረችው እሷ ናት። የጣቶቿ ቆዳ እየተላጠ፣ ሌሊት እያሳከካት፣ «የሳሙናው ነው» እያለች ስታልፈው ኖራለች። እሱም የሳሙናው እንዳልሆነ እያወቀ ዝም ይላል። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እንደዚህ ላለው ነገር ከሆነ፣ ያሉት ሰዎች ተሳስተዋል።

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው፦ መርጨቱን ቢቀጥል ይሞታል፣ ቢተው ምን ይበላል? ሌላ ሙያ የለው። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ በሚንቀጠቀጥ እጁ፣ ማን ምን ሥራ ይሰጠዋል? ይህን እያሰበ ነው አንድ ቀን ወደ ግብርናው ቢሮ የሄደው፤ ሰው «አዲስ መድኃኒት አለ» ሲል ሰምቶ።

ቢሮው ውስጥ ያለችው ባለሙያ የልጁ እኩያ ናት። ከተጨናነቀው መደርደሪያ ላይ አንድ ጥቅል ዱቄት አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«አባባ፣ ይሄ መርዝ አይደለም» አለችው። «አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው።»

«ጀርም ማለትሽ ነው?»

«ጀርም ነው፤ ግን ለእርስዎ ምንም አያደርግዎትም። ለንቡም፣ ለዶሮውም እንደዚያው። ጠቡ ከትል ጋር ብቻ ነው። ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው አንጀቱን ይበሳዋል። ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ይደክማል፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ያልቅለታል። ፀሐይ ስለማይስማማው ወደ አመሻሽ ላይ ነው የሚረጨው። ከንጹህ ውሃ በቀር ደግሞ ከምንም ጋር አይቀላቅሉት። እሺ?»

አቶ ሽቱ ጥቅሉን አንስቶ አሸተተው። እርጥበት ያገኘው ዱቄት ይሸታል፤ ሌላ ምንም። ደጋግሞ አሸተተው። ልጅቷ ፈገግ አለች፤ እሱ ግን እንባው መጣበትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሆዳም ትል በሆዱ የሚሞትበት፣ ሰው የማይሞትበት ነገር በዓለም ላይ ኖሮ፣ እሱ እስከዛሬ ሳያውቀው ነው የኖረው።

መሞከሪያው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ማሳ እንዲሆን ተቆረጠ። ሚስቱ «ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱም በእሷ አፍ ጋሼ ይለዋል። ጋሼ በዚያ አካባቢ ትልቁ የጥቅል ጎመን ገበሬ ነው። እሱ የረጨውን ጎረቤት ሁሉ ይረጫል፣ እሱ የናቀውን ማንም አይነካውም። ስለዚህ ዱቄቱ እዚያ ማሳ ላይ ከሠራ አቶ ሽቱ ሥራ አለው፤ ካልሠራ መርጫውን ሰቅሎ ደጃፉ ላይ መቀመጥ ነው።

ችግሩ የመጣው ካልታሰበበት በኩል ነው። ገና የመጀመሪያውን መደብ ረጭቶ ሳይጨርስ ጋሼ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ መጣ።

«ምነው አይሸትም?»

«ይሄኛው ሽታ የለውም ጋሼ።»

«እንዴት ሽታ የለውም? መድኃኒት አይደል እንዴ?»

«መድኃኒት ነው። ግን ሽታ የሌለው መድኃኒት ነው።»

«የማይሸት መድኃኒትና ጥርስ የሌለው ውሻ ለእኔ አንድ ናቸው» አለ ጋሼ። «ውሃ ነው የምታጠጣልኝ? ውሃማ እኔም አለኝ! የእህቴ ባል ነህ ብዬ ማሳዬን ብሰጥህ ጎመኔ ላይ ትቀልዳለህ?» ብሎ እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ፣ እያጉረመረመ ወደ አጥሩ ሄደ።

አቶ ሽቱ ብቻውን ቀረ። ማስረዳት ነበረበት፤ ግን ማስረዳት ጉልበት ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ ያለችውን ጉልበት ለመርጫው ነው የቆጠባት። ከረጢቱ ውስጥ ከድሮው መርዝ የተረፈ ጠርሙስ አለ። ሐኪሙ አትንካ ያለውን ጠርሙስ አውጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዲት ክዳን ሙሉ መርጫው ውስጥ ጠብ አደረገ። ለትሉ አይደለም የጨመረው፤ ለሰውየው ነው። ለሽታ ያህል። ምግብ እንዲጣፍጥ ጨው ጣል እንደሚደረገው ማለት ነው። ወዲያው ማሳው በዚያ በለመደው ሽታ ተሞላ። ጋሼ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ አየሩን ሳበና፣ «አሁን ገና!» ብሎ ጮኸ።

ሦስት ቀን ቆይቶ ሲመጣ ጋሼን መደቡ ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘው። የላይኛው ቅጠል ደህና ነው። ጋሼ ግን አንዱን ጎመን በቢላ ከሁለት ከፈለና ልቡን አሳየው። ትሎቹ በሙሉ እዚያ ናቸው፤ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ጤናማ፣ ከምሳ የተነሱ የሚመስሉ።

«አልሸሹም ዞር አሉ» አለ ጋሼ። «ይኸው ነው መድኃኒትህ!»

አቶ ሽቱ ያን ቀን ወደ ቢሮው የሄደው እግሩን እየጎተተ ነው። ባለሙያዋ የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ከምን ጋር ነው የቀላቀሉት?»

«ከምንም» አለ። ከዚያ፣ «አንዲት ክዳን... ለሽታ ያህል ነው እንጂ...» አለ።

ልጅቷ ግንባሯን ያዘች። «አባባ! ሽታው ለጋሼ ከደረሰ ለትሉ አይደርሰውም? መርዙ ሊገድለው አልበቃም፣ ሊያባርረው ግን በቃ። የተረጨውን ቅጠል ሸሽቶ ወደ ልቡ ገባ። ካልበላው ደግሞ ባክቴሪያው ምን ያድርግ? በአፉ ካልገባ አንጀቱ ጋ በምን በኩል ይድረስ? ሽታው ሲጠፋ ትሉ ወደ ቅጠሉ ይመለሳል፤ በንጹህ ውሃ ብቻ ደግመው ይርጩ።»

እንዲህ ያለ ስህተት መቼም ዕድሜ ልኩን በሽታው ሲታወቅ የኖረ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። አቶ ሽቱ ሳቅ አማረው፤ ሳቁን ግን የት እንዳስቀመጠው አጣው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት እሷም አልሳቀችም። ነጠላዋን አንስታ፣ «ተነስ፣ አብረን እንሄዳለን» አለችው።

ወንድሟ ፊት ቆማ ብዙ አልተናገረችም። «ጋሼ» አለችው፣ «እሱን እርሳው። ለእኔ ስትል ሦስት ቀን ታገስ። ሦስት ቀን ማሳው ላይ ምንም አትርጭ።» ከዚያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አሳየችው። ጋሼ የተላጡትን ጣቶች አየና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ክፉ ሰው አይደለም። እህቱን ይወዳል። «እሺ፣ አልነካውም። አባታችን ይሙት!» አለ። አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ መሐላው ግን መሐላ ነው።

በዚያው ቀን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አቶ ሽቱ መርጫውን ደጋግሞ አጥቦ፣ ዱቄቱን በንጹህ ውሃ በጥብጦ ረጨ። ንቦቹ ከአጥሩ አበባ ላይ ንቅንቅ አላሉም። የጋሼ ዶሮዎች እግሩ ሥር እየተልከሰከሱ ይለቅማሉ። ከጎመን ቅጠልና ከእርጥብ አፈር በቀር የሚሸት ነገር የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲረጭ የአፈር ሽታ ወደ አፍንጫው ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር፤ ደስ አለው፤ ደስታውም ቢሆን አደከመው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ትሎችህ ሰላም ብለውሃል!» አለ ጋሼ።

«አልሞቱም?»

«ምን ይሞታሉ! ቅጠሉ ላይ ተዘርረው ተኝተዋል።»

«ይበላሉ?»

«አይበሉም።»

«በቃ ጋሼ፣ ደክመዋል ማለት ነው።»

«ደክሟቸው ከሆነማ አርፈው ይነሳሉ!»

አቶ ሽቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያልታሰረ ጫማውን አየ። «እንዲህ ያለ ድካም እረፍት አያነሳውም ጋሼ» አለ። «እኔን ጠይቀኝ። አንተ ትሉን አትይ፣ ቅጠሉን እይ። አዲስ ቀዳዳ አለው?»

ጋሼ ሄዶ አይቶ ተመልሶ፣ «የለውም፤ ግን በሕይወት አሉ» አለ።

ሰው ጠላቱ ሞቶ ካላየ አይተኛም። ጋሼ የመጀመሪያውን ቀን በግድ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ጎህ ሳይቀድ ማሳው ላይ ነበር፤ ትሎቹ ትናንት በነበሩበት ናቸው፣ አንዳንዶቹ በእንጨት ሲነካቸው ይንቀሳቀሳሉ። ይኼን ጊዜ መሐላውም እህቱም ከአእምሮው ወጡ። ገበያ ወርዶ ከዚያ ከሚከረፋው ጠርሙስ ገዛና የራሱን መርጫ አዝሎ ማሳውን አጠመቀው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ጋሼ አፍስሶ እንኳ የሚለቅም ዓይነት አይደለም።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሽቱ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው ሽታው የተቀበለው። ቆመ። ተመልሶ መሄድ ፈለገ፤ ግን መመለስም መሄድ ነውና ወደ ፊት ሄደ። ጋሼ በሩ ላይ ሆኖ በደስታ ይጠብቀዋል።

«ና እይ! ና እይ! አንድም አልተረፈ!»

እውነቱን ነው። ትሎቹ በየቅጠሉ ላይ ጠቁረው፣ ለስልሰው፣ ተንጠልጥለው ሞተዋል። አቶ ሽቱ በመርዝ የሞተ ትል ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ተኮማትሮ መሬት ላይ ነው የሚወድቀው። እንዲህ አይንጠለጠልም። ትሎቹ መርዙ ሲደርስባቸው ከሬሳ የማይሻሉ ነበሩ። ግን ይህን አሁን ለማን ይነግራል? በሞተ ትል ላይ ማን ገደለህ ተብሎ ምርመራ አይደረግ! እንዲሁ ሲመለከት በአጥሩ ሥር ያለችው የመጨረሻ መደብ ላይ ዓይኑ አረፈ። ቅጠሎቿ ላይ የመርዙ ነጭ ነጠብጣብ የለም።

«ይቺንም ረጭተሃታል?»

«እሷ ላይ ስደርስ መድኃኒቱ አለቀብኝ» አለ ጋሼ።

አቶ ሽቱ ጎንበስ አለ። አንዱን ቅጠል ገለጠ። ከዚያ ሌላውን። በዚያች መደብ ላይም ትሎቹ ጠቁረው፣ ለስልሰው፣ ተንጠልጥለው ሞተዋል።

«እየው ጋሼ» አለ። «እየው። እዚህ መርዝ አልነካም። የእኔ ብቻ ነው የነካው።»

ጋሼ ተንበርክኮ አየ። ቅጠሉን አገላበጠ፣ ትሉን በእንጨት ነካካ፣ የረጨውን መደብና ያልረጨውን ደጋግሞ ተመለከተ። ብዙ አሰበ። አቶ ሽቱም ጠበቀው።

«ገባኝ» አለ ጋሼ በመጨረሻ። «ሽታው ደርሷቸው ነዋ!»

አቶ ሽቱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አልተናደደም፤ መናደድም ጉልበት ይጠይቃል። ሚስቱ ይቺን መደብ ብታይ ይገባት ነበር፤ እሷ ግን አሁን ቤት ናት። እኔ ብሆን ኖሮ ያን መርጫ አናቱ ላይ ነበር የማወርድለት፤ አቶ ሽቱ ግን ጉልበቱን አቅፎ የሞቱትን ትሎች አየ። ጋሼም አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ሰው የሌለበት ማሳ ላይ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስማ» አለው፣ «ያን ዱቄትህን... የጓሮዋ መደብ ላይ እርጭልኝ።»

«የቷ ጓሮ?»

«ወጥ ቤቱ ሥር ያለችዋ። የቤት ናት። ልጆች ስለሚበሏት እሷ ላይ መርዝ ረጭተን አናውቅም። እንዲሁ ትሉ ይጫወትባታል።»

አቶ ሽቱ ቀና ብሎ አየው። «አላመንኩትም ስትል አልነበር?»

«ለገበያ አላመንኩትም። ለቤት ግን ደህና ነው። ጎረቤቶቼም ቢሆኑ ለየጓሯቸው ይፈልጉሃል፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሥራ አታጣም፣ አይዞህ።»

«የገበያውንስ ማን ነው የሚበላው ጋሼ?»

ጋሼ ጥያቄው ግራ ገባው። «ሰው ነዋ» አለ።

እንዲህ ሆኖ አቶ ሽቱ ሥራ አገኘ። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ጠብቆ፣ ወጥ ቤቱ ሥር ያለችውን ጠባብ መደብ ዱቄቱን በጥብጦ ረጨ። ሥራው ትንሽ ነው፣ ጀርባውንም አልከበደው። የሐኪሙንም ትእዛዝ አልጣሰም። የፈለገው ነገር ተሳክቷል ማለት ይቻላል፤ እሱ ግን እንደ ተሳካለት ሰው አልተሰማውም።

ሊሄድ ሲል ጋሼ ቢላውን ይዞ ወደ ማሳው ገባና ከመሐሉ አንዱን ጎመን ቆርጦ፣ የሚከረፋውን የላይኛውን ቅጠል ገፎ ይዞ መጣ። ትልቅ፣ ጥብቅ ያለ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው ጎመን ነው።

«ይሄን ለእህቴ ስጥልኝ» አለ።

«ከጓሮው ቁረጥላት ጋሼ።»

«ያንን ወንፊት የመሰለ ጎመን? ለእህቴ? ምን ትለኛለች!» ጋሼ ከልቡ ተቆጣ። «ከማሳዬ ምርጡን ነው የቆረጥኩላት።»

ተቀበለ፤ ምን ያድርግ። በመንገድ ላይ ብዙ አሰበበት። ሽታው ከተገፈፈው ቅጠል ጋር ሄዷል፤ መርዙ መሄዱን ግን ማን ያውቃል? ቦይ ውስጥ ልጣለው ይልና አንዱ ችግረኛ ያነሳዋል። ለከብት ልስጠው ይላል፤ ከብቱን የሚያልበው ሰው ነው። ለማያውቀው ሰው ይሰጠው እንደሆነ ደግሞ እሱም ያው እንደ ጋሼ «ሰው ነዋ» አለ ማለት ነው። ጎመኑን ታቅፎ እቤቱ ደረሰ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያሸተተችው እሱን ነበር፤ አንገቱን፣ ከዚያ እጅጌውን። ምንም የለም። ፊቷ በራ፤ እንደዚያ ሲበራ ካያት ዓመታት አልፈዋል።

«ሠራ!» አለች። «ሠራልህ አይደል?»

እሱ ሳይመልስ ጎመኑን ከጉያው ወሰደችና በተላጡት ጣቶቿ አገላበጠችው። «ከጋሼ ማሳ ነው? አንተ የረጨኸው? ኧረ እንዴት ያምራል!» ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በረዥሙ ሳበችው።

«ምንም አይሸትም!» አለች በደስታ።

አቶ ሽቱ ጎመኑን ከእጇ ላይ ወሰደ።

«ሂጂ እጅሽን ታጠቢ» አላት።